ለመውደቅ ሦስት ሳምንት

[ከኮኪት ወጣ ብሎ ያለ የገበሬ ግቢ። የመስከረም መጀመሪያ፣ እኩለ ቀን። ይርዳው ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሯል። ሚስቱ ውቢት የሁለት ዓመት ልጃቸውን ሃይሚን አዝላ፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ ፊቱ ቆማለች።]

ውቢት፦ ስድስት ጀሪካን! በተራ ቀን የኔ ድርሻ ስድስት ጀሪካን ውሃና ሁለት ሸክም እንጨት ነው። ከፓምፑ እስከዚህ አምስት መቶ አርባ እርምጃ፤ ቆጥሬዋለሁ። ደርሶ መልሱን በስድስት አባዛው። ከዚያ ላይ ይችን ልጅ ጨምር። ፍየሏን አራት ጊዜ ከሰሊጥ ውስጥ ማባረሩን ጨምር። ማሽላውን ወደ ወፍጮ መሸከሙን ጨምር። ስድስተኛዋ ጀሪካን የመጠጥ ነበረች። አንተ እግርህን ታጠብህባት!

ይርዳው፦ አልታጠብሁም። እየዘፈዘፍሁ ነው።

ውቢት፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ይርዳው፦ መታጠብ ለንጽሕና ነው። መዘፍዘፍ ለማላላት ነው። እግሬን እያላላሁት ነው።

ውቢት፦ ላልቶ ምን ሊሆን?

ይርዳው፦ ሊወድቅ! የዛሬ ሦስት ሳምንት የአካል ብቃት ፈተና የለብኝም? ለስድስት ወር የግዴታ ውትድርና ከቀበሌያችን ሃያ ሰው እጣ ወጣበት፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሲወጣ አልነበርሽም?

ውቢት፦ ነበርሁ እንጅ። ስምህ ሲጠራ "አቤት! አቤት!" እያልህ ሰው ረግጠህ ወደፊት ወጣህ። ሽልማት መስሎህ።

ይርዳው፦ እሱን ተይው። ይልቅ ሰሊጡ መቼ ይደርሳል?

ውቢት፦ በመስከረም መጨረሻ ቢጫ ይላል። ከዚያ በሳምንት ውስጥ ካልታጨደ አፉን ይከፍታል።

ይርዳው፦ አፉን ሲከፍትስ?

ውቢት፦ ይረግፋላ! የዓመት ልፋታችንን ጉንዳን ይለቅመዋል።

ይርዳው፦ ሳሉግ ብንቀጥርስ?

ውቢት፦ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ዘንድሮ ጥቂት ነው፤ የመጣውንም ባለ ትራክተሮቹ ገና ከመኪና ሳይወርድ ወሰዱት። አንተ ከሌለህ ሦስቱን ሄክታር ሃይሚን አዝዬ የማጭደው እኔ ነኝ።

ይርዳው፦ አየሽ! ስለዚህ መውደቅ አለብኝ። ማስታወቂያውን ቀበሌው በር ላይ ራሴ ቆሜ አንብቤዋለሁ። "ፈተናውን ያለፈ ብቻ ይሰለፋል" ይላል። ያላለፈውስ? ወደ ቤቱ! ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ውቢት፦ እሱ እኮ የወረቀቱ የላይኛው ቅጠል ነው። ከሥሩ ሌላ ቅጠል ተ...

ይርዳው፦ ጽሕፈቱን ብታይው! እንዲያው ጽሕፈት ነው የምልሽ! አንዱ ፊደል ሌላውን አይነካ፣ መስመሩ እንደ ትራክተር ፈር ቀጥ ያለ። የተማረ ሰው እጅ ነው። ከጥጉ ላይ ደግሞ ማኅተም አለው። ክብ፣ ቢጫ።

ውቢት፦ [ዞር ብላ የሃይሚን እጅ ታያለች] ቢጫ ማኅተም?

ይርዳው፦ ሰማያዊው ለተራ ነገር ነው። ቢጫ የአስቸኳይ ነው።

ውቢት፦ ይርዳው፣ ስማኝማ። ገለጥ ብታደርገው ኖሮ...

ይርዳው፦ ደግሞ ጀመረሽ። አሥረኛ ክፍል ደረስሁ ብለሽ ነው? እኔ ከአራተኛ ባቋርጥም ያነበብሁትን አውቃለሁ። ሙኽታርም እንደኔው ነው ያለው። ሃያ ዓመት ወደ ሱዳን ከብት የነዳ ሰው ነው!

ውቢት፦ ሙኽታር ማንበብ ይችላል?

ይርዳው፦ ከብት ማየት ይችላል! ነጋዴ የትኛውን በሬ ነው የሚተወው? የደከመውን። ሳሉግ መራጭ መዳፍ ሲዳብስ ማንን ይተዋል? የደከመውን። ወታደር መራጭ በምን ይለያል? ደክሜ እቀርባለሁ፣ ያዩኛል፣ ይተውኛል። ኸላስ፣ አለቀ!

ውቢት፦ እኔ ግን ሁለተኛው ቅጠል ላይ የወደቁት ሰዎች...

ይርዳው፦ ውቢት!

ውቢት፦ አቤት።

ይርዳው፦ ሁለተኛ ቅጠል፣ ሁለተኛ ቅጠል አትበይኝ። የመንግሥት ወረቀት ቁም ነገሩን ከላይ ነው የሚጽፈው። የታችኛው ለግልባጭ ነው።

[ውቢት ጀሪካኑን ታያለች። ባሏን ታያለች። እንደገና ጀሪካኑን ታያለች።]

ውቢት፦ እሺ። እኔ ምን አውቃለሁ። እና በምን ልትደክም አሰብህ?

ይርዳው፦ በጾም።

ውቢት፦ የዓመቱን ግማሽ እንጾም የለም? ሁዳዴን ጾመህ በፈታህ ሳምንት ያን ሁሉ ቁጥቋጦ በሁለት ቀን የመነጠርኸው አንተ አይዶለህም? ጾም ለምዶሃል፤ አያደክምህም።

ይርዳው፦ እንቅልፍ ባጣስ?

ውቢት፦ አንተ? ሃይሚ ጥርስ ስታበቅል ሰፈሩ ሁሉ ሲነቃ ያልነቃኸው ሰው?

ይርዳው፦ ታዲያ ሰው በምንድን ነው የሚደክመው?

ውቢት፦ እኔ እንጃ። እኔስ በምን ደከምሁ?

[ይርዳው ከእግሯ እስከ ራሷ ያያታል። ከሳፋው ውስጥ ዘሎ ይቆማል።]

ይርዳው፦ ቆይ! ቆይ፣ አትናገሪ፣ መጣልኝ! የዛሬ አራት ዓመት ሳገባሽ ጉንጭሽ ሙሉ ነበር። አሁን አንገትሽ እንደ ማሽላ አገዳ ቀጥኗል። ምን አቀጠነው? ሥራው! ሦስት ሳምንት ያንቺን ሥራ ብሠራ አልቄ የለም?

ውቢት፦ ውይ! እንዴት አሰብኸው በማርያም?

ይርዳው፦ [ግንባሩን በጣቱ እየመታ] ለዚህ እኮ ነው ያንቺን ወሬ የማልሰማው። ሐሳብ ያቋርጣል። ጀሪካኑን ወዲህ በይ!

[ከስምንት ቀን በኋላ፣ ጠዋት። ይርዳው በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን ይዞ፣ ሃይሚን አዝሎ ይገባል። ውቢት በርጩማው ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትጎነጉናለች።]

ውቢት፦ ስንተኛህ ነው?

ይርዳው፦ ስድስት ሞላ። ሁለት ሁለት ሳመጣው ቶሎ አለቀ።

ውቢት፦ መንገድ ላይ አረፍህ?

ይርዳው፦ ምን በወጣኝ!

ውቢት፦ ጎሽ። ያረፈ ሰው አይደክምም።

ይርዳው፦ እሱን እኔ ነኝ የነገርሁሽ። ብቻ ፓምፑ ላይ ሴቶቹ መሳቂያ አድርገውኛል። ትርሐስ፣ የምናለ ሚስት፣ "አያ ይርዳው፣ መቀነት ላውስህ?" አለችኝ።

ውቢት፦ ምን አልኻት?

ይርዳው፦ "ወታደራዊ ምሥጢር ነው" አልኋት። የባሰ ሳቁ።

ውቢት፦ ምናለስ እጣ ወጥቶበት የለም? እንዴት እየተዘጋጀ ነው?

ይርዳው፦ እሱ በሙኽታር መንገድ ነው። ሲነጋ ኮምጣጤ፣ ሲመሽ ኮምጣጤ፣ እህል በቀን አንዴ። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። መተኛት እንደሚያሳርፍ እንኳ አያውቅም፤ ሞኝ! [ጀሪካኖቹን ያስቀምጣል] ግን ውቢት፣ አንድ ነገር አሳስቦኛል። ይርበኛል። ትናንት ማታ አምስት እንጀራ በልቼ ስድስተኛውን ያየሁት በቁጭት ነው።

ውቢት፦ ብላ እንጅ። እንቁላልም ቀቅዬልሃለሁ።

ይርዳው፦ ከበላሁ በምን እደክማለሁ?

ውቢት፦ የዚያ የባለሀብቱ ትራክተር በምን አለቀ? ናፍጣ አጥቶ ቆሞ ነው? ወይስ ናፍጣ እየጠጣ ሌት ተቀን አርሶ?

ይርዳው፦ አርሶ።

ውቢት፦ ናፍጣ ሳይጠጣ የቆመውስ?

ይርዳው፦ እስካሁን አዲስ ነው። [እንቁላሉን ይልጣል] እውነትሽን ነው፤ እንዲያውም እኔው ልልሽ ነበር። ክንዴስ? ንኪው እስኪ። አብጧል።

ውቢት፦ [ትዳብሰዋለች] እብጠት የጤና ነው? የድካም ነው እንጅ።

ይርዳው፦ ትናንት ፍየሏን እስከ ወንዙ ድረስ ሳባርራት ትንፋሼ ቁርጥ አልል አለኝ።

ውቢት፦ አልቆ ነዋ። ያለቀ ነገር ምኑ ይቆረጣል?

ይርዳው፦ [ፊቱ እየበራ] አልቄያለሁ በይኛ!

ውቢት፦ ኧረ ፍየሏ! ሰሊጡ ውስጥ ገባች!

[ይርዳው እንቁላሉን እንደ ጎረሰ፣ ሃይሚን እንዳዘለ፣ አጥሩን ዘሎ ይሮጣል። ሃይሚ በሳቅ ትንከተከታለች።]

ውቢት፦ [ለብቻዋ] ድሮ በበሩ ዞሮ ነበር የሚወጣው።

[የፈተናው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ። ይርዳው ግቢው ውስጥ ወዲህና ወዲያ እያነከሰ ይሄዳል።]

ይርዳው፦ ተመልከችኝ። ድካሙ ባይበቃቸው ማነከሱን እጨምርበታለሁ። በየትኛው እግር ያምርብኛል?

ውቢት፦ በአንደኛው ሁን ብቻ። ስትሄድ በቀኝ ነበር፤ ስትመለስ በግራ ሆነ።

ይርዳው፦ ስዞር ይጠፋብኛል። [ይቆማል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ውቢት... ዛሬ ማሳው ደርሼ መጣሁ። ቢጫ ሆኗል። ከሥር ያለው ፍሬ ጫፉ ሊሰነጠቅ ነው። ነገ ባልወድቅ፣ በአራት ቀን ውስጥ ማን ይደርስለታል? አንቺ ልጅ ይዘሽ? እንቅልፍ ነሣኝ እኮ።

ውቢት፦ [ጠጋ ብላ] አትፍራ። እንዲያውም ስማኝ፣ ሆድህ እንዲያርፍ። ያ ሁለተኛው ቅጠል...

ይርዳው፦ ኤጭ! የሰው ነፍስ ተጨንቃለች እሷ ቅጠል ትላለች!

[እያነከሰ ይወጣል። በግራ እግሩ ጀምሮ በሩ ጋ ሲደርስ በቀኝ ሆኗል።]

[በማግስቱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ይርዳው ፈተናው ከተሰጠበት ከገንዳ ውሃ ከተማ ይመለሳል። የተጨማደደ ወረቀት በጡጫው ጨብጧል። በርጩማውን ትቶ መሬት ላይ ዘጭ ይላል።]

ውቢት፦ ወደቅህ?

[ይርዳው ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል።]

ውቢት፦ ስንተኛ ወጣህ?

ይርዳው፦ አንደኛ።

[ውቢት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።]

ይርዳው፦ አታልቅሽ፤ ተይ።

ውቢት፦ [በነጠላው ውስጥ] እሺ።

ይርዳው፦ መጀመሪያ ሩጫ አሉን። ሜዳውን አሥር ዙር። እያነከስሁ ጀመርሁ፤ አማርሁ፣ ሰው ሁሉ አዘነልኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ ከሜዳው ዳር የሰው ፍየል ብቅ አለች። ውቢት፣ እምልልሻለሁ፣ እኔ አይዶለሁም። እግሬ ነው።

ውቢት፦ አባረርሃት?

ይርዳው፦ ያዝኋት! ለባለቤቷ አስረክቤ ስመለስ እንኳ የቀደመኝ የለም።

ውቢት፦ ከዚያስ?

ይርዳው፦ ከዚያ ሸክም። ውሃ የሞላ ጀሪካን በሁለት እጅ። ከፊቴ የነበረው ልጅ መቶ እርምጃ ሳይሄድ ጣለው። ሌላው አቀፈው፣ ሳመው፣ አስቀመጠው። እኔም እጥላለሁ ብዬ አነሣሁት። ማንሣቱን አውቃለሁ፤ ሌላውን አላውቅም። አሠልጣኙ "በቃ! በቃህ! መስመሩ አልፏል!" እያለ ከኋላዬ ይሮጣል። ቆምሁ። ምን አልሁት መሰለሽ?

ውቢት፦ ምን አልኸው?

ይርዳው፦ "የት ልገልብጠው?"

[ውቢት ወደ ግድግዳው ትዞራለች።]

ይርዳው፦ "የት ነው የሠለጠንኸው?" አለኝ። ምን ልበለው? ቤቴ ልበለው? አጨበጨቡልኝ፤ አንዱ ግንባሬን ሳመኝ። ምናለ ግን ታድሏል። ሁለተኛው ዙር ላይ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። "አላለፈም" ብለው ሲጽፉለት በኔ ይስቅ ነበር። ሙኽታር እውነቱን ነው፤ ጅሉ እኔ ነኝ። ሦስት ሄክታር፣ ውቢት። ያንን ሁሉ አርሜ፣ ያንን ሁሉ ዝናብ ለምኜ ለጉንዳን!

ውቢት፦ [ከግድግዳው ተመልሳ] ያ የጨበጥኸው ምንድን ነው?

ይርዳው፦ ወረቀት። ለሁላችንም ሰጡን።

ውቢት፦ አነበብኸው?

ይርዳው፦ ከላይ "አልፏል" ይላል። ከዚህ ወዲያ ምን ይነበባል?

ውቢት፦ አምጣው። [ጭምድዱን ዘርግታ ታነባለች] "የአካል ብቃት ፈተናውን አልፏል።" እሺ። ከሥር፦ "ያለፉት ተጨማሪ ዝግጅት ስለማያስፈልጋቸው እስከ ታኅሣሥ አሥር በየቤታቸው ሆነው ሰብላቸውን ይሰብስቡ።"

ይርዳው፦ ...ድገሚው።

ውቢት፦ "በየቤታቸው ሆነው ሰብላቸውን ይሰብስቡ።"

ይርዳው፦ የወደቁትስ?

ውቢት፦ "ያላለፉት ሰውነታቸው እስኪጠነክር ለአርባ አምስት ቀን ካምፕ ገብተው ይለማመዳሉ፤ ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መኪናው ይነሣል። ከዚያ እንደገና ይፈተናሉ።"

[ፍየሏ ትጮሃለች። ይርዳው ሳያስበው ግማሽ ይነሣና መልሶ ይቀመጣል።]

ይርዳው፦ ምናለ እኮ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሲስቅብኝ ነበር።

ውቢት፦ ንጋት ላይ ያቆማል። የሱን ሰሊጥ ከኛው ጋር በደቦ እናጭደዋለን፤ ከትርሐስ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። እሷም ደጋግማ ነግራው ነበር። ባሏ እንዳንተው ከላይ ከላዩን አንባቢ ሆኖባት ነው።

ይርዳው፦ ምኑን ነገረችው? ይኸን ወረቀት ገና አሁን አይዶል ያየሽው?

ውቢት፦ ወረቀቱን አሁን ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን ሁለተኛው ቅጠል ቃል በቃል ይኸው ነበር።

ይርዳው፦ ቀበሌ ሄደሽ መቼ አነበብሽው?

ውቢት፦ አላነበብሁትም። ጻፍሁት።

ይርዳው፦ ምን አልሽ?

ውቢት፦ መብራት ጠፍቶ ማተሚያው እምቢ ሲላቸው፣ ማናዬ፣ የቀበሌዋ ጸሐፊ፣ "ጽሕፈትሽ ያምራል፤ በእጅ ገልብጭልኝ" ብላ ላከችብኝ። ለሃይሚ ዱባ እያበላሁ ሁለቱንም ቅጠል የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ይርዳው፦ ያ... እንደ ትራክተር ፈር...

ውቢት፦ አሥረኛ ክፍል።

ይርዳው፦ ማኅተሙስ? የአስቸኳዩ?

ውቢት፦ የሃይሚ አውራ ጣት። ዱባ ነው።

[ይርዳው ልጁን ይመለከታል። ሃይሚ አውራ ጣቷን ትጠባለች።]

ይርዳው፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

ውቢት፦ አራት ጊዜ ነገርሁህ።

ይርዳው፦ እምቢ ስልሽ በግድ አታሰሚኝም ነበር?

ውቢት፦ በግድማ አደረግሁት። በጀሪካን።

[ይርዳው ጀሪካኖቹን ያያል። ከዚያ ሳቁ ይመጣል፤ እንባውን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። ተነሥቶ ማጭዱን ከጣሪያው ሥር ያወርዳል።]

ይርዳው፦ በይ ነገ ገና ሳይነጋጋ ማሳ ነን። ጀሪካኑንም ተረከቢኝ። ካለፍሁ በኋላ ምን ያደርግልኛል?

ውቢት፦ እንዴ! ሦስተኛውን ቅጠልስ?

ይርዳው፦ ሦስተኛ አለው?

ውቢት፦ "እስከ ጥሪው ቀን ልምምዱን ያቋረጠ በታኅሣሥ እንደገና ይፈተናል፤ ሲደክም የተገኘ አርባ አምስት ቀን ይጨመርበታል።"

ይርዳው፦ በሩ ላይ ግን ሁለት ነው ብለሽኝ አልነበር?

ውቢት፦ ሦስተኛውን ፍየል በላችው። እኔ ግን ጻፊዋ ነኝ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።

[ይርዳው ማጭዱን አስቀምጦ ሁለቱን ጀሪካን ያነሣል። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል፤ ውቢት ሃይሚን ታሳዝለዋለች።]

ይርዳው፦ አየሽ፣ እንዲህ በግልጽ ስትነግሪኝ መች እምቢ አልሁ? ዛሬ ስንት ቀረ?

ውቢት፦ ሁለት። አንዱ የመጠጥ ነው፤ እግርህን እንዳትነክርበት።

[ይርዳው ይወጣል። ውቢት እስኪርቅ ጠብቃ ወደ አንባቢው ዞር ትላለች።]

ውቢት፦ እናንተ መቼም እስከ ታች የምታነቡ ሰዎች ናችሁ፤ ባትሆኑ እዚህ አትደርሱም ነበር። ሦስተኛ ቅጠል የለም። ታኅሣሥ አሥር ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ስድስቱ ጀሪካን ለስድስት ወር የኔ ነው። ሲመለስ ደግሞ እግዜር ያውቃል። እስከዚያ ግን ሃይሚ ያባቷን ጀርባ ትልመደው፤ እኔም ትንሽ ልቀመጥ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በኮኪት በኩል ስታልፉ ልጅ አዝሎ፣ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ ሳያርፍ የሚሄድ ሰው ካያችሁ "በርታ" በሉት። ስለ ቅጠሉ ግን አደራችሁን፣ ትንፍሽ እንዳትሉ።